ሱቁ በስማችን፣ ሸማው ከባሕር ዳር፦ ገበያው ሕግ ሲቀይር ማን ይጎዳል?

ሰላም ለሁላችሁም፤

ከስቱትጋርት የጻፍሽው እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። «ባሕር ዳር ያሉት እናቴና ጎረቤቶቿ የሚሠሩትን ጋቢና ነጠላ በስሜ ኦንላይን ሱቅ ከፍቼ ልሽጥላቸው ወይ?» ነው ያልሽው። እኔ የምኖረው ፍራንክፈርት አካባቢ ነው። ይህንኑ ሥራ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። አሁን የምጽፍልሽ ደግሞ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሆኜ ነው። መልሴ «ክፈቺ» ነው። ግን አንድ ነገር አስቀድመሽ ወስኚ፦ ሱቅሽን የምትከፍቺበት የኦንላይን ገበያ ሕጉን በቀየረ ቁጥር ኪሳራው አንቺ ላይ ይረፍ እንጂ ሸማኔው ላይ አይረፍ። ይህን ካልወሰንሽ አትጀምሪው።

የኛ ሥራ እንዲህ ነው የተከፋፈለው። አክስቴ ጥጡን ትፈትላለች። የሚሸምኑት ጎረቤታችን ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ጫፉን የሚቋጩት የአክስቴ ልጆች ናቸው። ፎቶ የሚያነሳውና ፖስታ ቤት የሚመላለሰው የአጎቴ ልጅ ነው። እኔ ጀርመን ሆኜ ሱቁን እይዛለሁ፣ ለደንበኛ እመልሳለሁ፣ ገንዘቡን ተቀብዬ እልካለሁ። ሱቁ በኔ ስም የሆነው ገበያው ከኢትዮጵያ ሻጭ ስለማይመዘግብ ነው። የባንክ አካውንቱም፣ መታወቂያውም፣ አድራሻውም የኔ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የነዚህ ገበያዎች ሕግ የሚጻፈው ሠሪው፣ ሻጩ፣ የባንክ አካውንቱ ባለቤትና ዕቃውን የሚልከው ሰው አንድ ሰው እንደሆነ ታስቦ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ከተማ፣ አንድ አድራሻ። እኛ ደግሞ በሁለት አገር የተበተንን አንድ ቤተሰብ ነን። ስለዚህ ለሌላው ሻጭ ትንሽ ራስ ምታት የሆነች ለውጥ ሁሉ እኛ ጋ ስትደርስ ሱቅ ታዘጋለች።

የደረሰብንን ልንገራችሁ። ገበያው ስሙን አልጠራም። ከአውሮፓ ገና በፊት፣ ዓመቱን ሙሉ የምንጠብቀው የሽያጭ ወቅት ሲቃረብ፣ «በእጅ የተሠራ» የሚለው ሕግ ተቀየረ። በፊት ዕቃው በቤተሰብ እንደሚሠራ ገልጾ መጻፍ ይበቃ ነበር። አዲሱ ሕግ ግን የሱቁ ባለቤት ሲሠራ የሚያሳይ ቪዲዮ ይላክ አለ፤ ፊት የሚታይበት፣ ያልተቆራረጠ። የአጎቴ ልጅ ጋሼን ሊቀርጽ ሄደ። ጋሼ ነገሩ ሲነገራቸው ተነስተው ፊታቸውን ታጠቡ፣ ነጭ ነጠላቸውን ደረቡ፣ ከዚያ እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ሰደው ተቀመጡ። ቪዲዮው አሁንም ስልኬ ላይ አለ። መርገጫውን ሲረግጡት ድሩ ይከፈታል። መወርወሪያውን በቀኝ እጃቸው ይወረውሩታል፣ በግራቸው ይቀልቡታል፣ ማጉን ጠበቅ አድርገው ይመቱታል። አንዴም ወደ ካሜራው ቀና አላሉም። እጅ ሥራ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

መልሱ መጣ፦ በቪዲዮው ላይ የሚታየው ሰው ከአካውንቱ ባለቤት መታወቂያ ጋር አይመሳሰልም። ጋቢዎቹ በሙሉ ከሱቁ ተነሱ። ከዚያ በፊት የተሸጡት ዕቃዎች ገንዘብም «ማጣራት እስኪያልቅ» ተብሎ ተያዘ። ለጋሼ ይህን ማስረዳት የኔ ሥራ ሆነ። «ምን አጠፋሁ?» ነበር ያሉኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚህ እጃቸው የኖሩ ሰው፣ «እርስዎ መሆንዎ አልታመነም» ሲባሉ ምን ይሰማቸዋል? እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ገንዘቡ በኋላ ተለቋል።

ሱቁ እንዴት እንደገና እንደተከፈተ ብዙዎቻችሁ ስለማታውቁት ልንገራችሁ። የአውሮፓ ኅብረት በኦንላይን መድረኮችና በሻጮች መካከል ስላለው ግንኙነት የሚደነግግ ሕግ አለው፤ ቁጥሩ 2019/1150 ነው፣ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 12 ቀን 2020 ጀምሮ ነው። የሚሠራው በኅብረቱ አገሮች ተቋቁመው እዚያው ላሉ ሸማቾች ለሚሸጡ ሻጮች ነው። ገበያው ውሉን ሲቀይር ቢያንስ ከ15 ቀን በፊት ማሳወቅ አለበት። ዕቃ ሲያነሳ ወይም አካውንት ሲያግድ ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ አለበት። ጨርሶ ሊዘጋ ከሆነ፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር፣ ከ30 ቀን በፊት። ትልልቆቹ ደግሞ ነፃ የቅሬታ መቀበያ ሊኖራቸው ግድ ነው። እኔም ይህንን ቁጥር ጠቅሼ ጻፍኩ። ያን ጊዜ ነው የሰው መልስ የመጣው፤ ከዚያ በፊት የሚመልስልኝ ማሽን ነበር። ጋሼን «የምርት አጋር»፣ ማለትም ዕቃውን ለሱቁ የሚሠራ ሰው፣ አድርጌ አስመዘገብኩ፣ ማን ምን እንደሚሠራ በዝርዝር ጻፍኩ፣ ሱቁ ተመለሰ። ግን የገና በዓል አልፎ ነበር።

ስለዚህ እህቴ፣ ከመጀመሪያው ቀን እናትሽን «የምርት አጋር» ብለሽ አስገቢ። የዕቃው መነሻ ባሕር ዳር መሆኑን በግልጽ ጻፊ። አንዳንዶች ዕቃው ከጀርመን የሚላክ አስመስለው ይጽፋሉ፤ የፖስታው መከታተያ ቁጥር ወዲያው ያጋልጣቸዋል።

ገበያው ከሽያጭ የሚቆርጠውን ኮሚሽን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ሁሉም ያለቀሰበት ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ኤትሲ የተባለው የእጅ ሥራ የኦንላይን ገበያ የሽያጭ ክፍያውን ከ5 ወደ 6.5 በመቶ ሲያሳድግ በሺህ የሚቆጠሩ ሻጮች ለአንድ ሳምንት ሱቃቸውን ዘግተው ነበር። ክፍያው ግን አልወረደም። ከኢትዮጵያ ለምንልክ ሰዎች አንድ የተለየ ነገር ልብ በሉ፦ ብዙ ጊዜ ኮሚሽኑ የሚሰላው በፖስታው ዋጋ ላይም ጭምር ነው። ጋቢው 80 ዩሮ፣ ፖስታው 20 ዩሮ ቢሆንና ኮሚሽኑ 10 በመቶ ቢሆን፣ የሚቆረጠው 10 ዩሮ ነው። ከጋቢው ዋጋ አንጻር ሲታይ ይህ 12.5 በመቶ ነው። እዚያው ጎረቤት ከተማ የሚልክ ሻጭ ይህ አይሰማውም።

የባሰው የመልስ ሰዓት ሕግ ነው። «ለደንበኛ መልእክት በ24 ሰዓት ውስጥ ያልመለሰ ሱቅ በፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል» የሚል መጣ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ቤተሰብ ድምፅ ለመስማት ምን ያህል እንደተቸገርን የምትረሱት አይመስለኝም። ደንበኛ «ይህን ነጠላ በሰማያዊ ጥለት ልትሠሩልኝ ትችላላችሁ?» ይላል። እኔ ፍራንክፈርት ሆኜ መልስ የለኝም። ሰማያዊ ክር መኖሩን የሚያውቁት ጋሼ ናቸው፣ ጋሼን የማገኘው ደግሞ የአጎቴ ልጅ ዋይፋይ ያለበት ቢሮ ሲገባ ነው። ደንበኛው ይቀየማል፣ ሱቁ ይወርዳል። ለገበያው አመለከትን፤ እንዲህ ላለ ችግር የተዘጋጀ ቅጽ እንኳን የላቸውም። የመጓጓዣ መዘግየት፣ የአየር ጠባይ፣ ሕመም፤ እነዚህ ብቻ ናቸው ምርጫዎቹ። ከዚያ ወዲህ ያገኘነው መፍትሔ ያለቀ ዕቃ ብቻ መለጠፍ ነው። ትዕዛዝ አንቀበልም። አብዛኛውን ያለቀ ዕቃም አስቀድሜ ጀርመን አስገባዋለሁ፤ ሲሸጥ ከዚያው እልካለሁ። ይህም ሱቁን አዳነው።

አሁን መለየት ያለባችሁን ነገር ልጥቀስ። ገበያው «አዲስ ፖሊሲ» ብሎ ከሚልከው ኢሜይል ግማሹ የገበያው ፍላጎት አይደለም፤ የአገር ሕግ ነው። እዚያ ላይ ከገበያው ጋር መጨቃጨቅ ትርፉ ድካም ነው። ለምሳሌ የአውሮፓ ኅብረት አጠቃላይ የምርት ደኅንነት ደንብ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 13 ቀን 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ከውጭ የሚገባ ዕቃ በኅብረቱ ውስጥ ስሙና አድራሻው የሚታወቅ ኃላፊ ሊኖረው ይገባል ይላል። ብዙ የአሜሪካና የእንግሊዝ ትንንሽ ሻጮች በዚህ ምክንያት ወደ አውሮፓ መላክ አቆሙ። ለኛ ግን እንዲያውም ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ ዕቃውን የምናስገባው እኛው ራሳችን ጀርመን ነዋሪ ስለሆንን፣ ኃላፊው አስመጪው ነው፣ አስመጪውም እኛ ነን። ስማችሁንና አድራሻችሁን በዕቃው ላይ ለጥፉ። የጨርቁን ዓይነት የሚገልጽ መለያም ግዴታ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ጥጡ በእጅ የተፈተለ ቢሆንም የጥለቱ ክር ብዙ ጊዜ ሰው ሠራሽ ነው። «መቶ በመቶ ጥጥ» ከማለታችሁ በፊት ሸማኔውን ጠይቁ።

ጀርመን ላላችሁ ደግሞ የማሸጊያ ምዝገባው አለ፤ ሉሲድ የሚባለው መዝገብ። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ገበያዎቹ ያልተመዘገበን ሻጭ እንዲያግዱ ሕጉ ያስገድዳቸዋል። መመዝገቡ ራሱ ገንዘብ አያስከፍልም፤ የሚከፈለው ለማሸጊያ ቆሻሻ ማስወገጃ ድርጅቱ ነው፤ ለትንሽ ሱቅ ብዙ አይደለም።

ቀረጡን ስለጠየቅሽ፦ ኢትዮጵያ «ከጦር መሣሪያ በቀር ሁሉም» በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ዕድል ተጠቃሚ ናት። አገር ቤት የተሠራ ሸማ የመነሻ ማስረጃው ከተሟላ ቀረጥ አይከፈልበትም። ከ6,000 ዩሮ ለማይበልጥ ጭነት ላኪው በደረሰኙ ላይ የሚጽፈው የመነሻ መግለጫ ይበቃል። የጀርመኑ 19 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ግን አይቀርም፤ ዋጋ ስታወጪ አስቢበት።

አሜሪካ ያላችሁ ሁኔታችሁ ከኛ ይለያል። እስከ 800 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ያለ ቀረጥ ይገባበት የነበረው አሠራር እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 2025 ለሁሉም አገር ቀርቷል። ኢትዮጵያም የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚገባበት ከአጎዋ የወጣችው እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ነው። «በሻንጣ ነው የማስገባው» የምትሉም፣ ለሽያጭ የሚገባ ዕቃ እንደ ግል ዕቃ እንደማይታይ እወቁ። ሌላው፣ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት፣ በ12 ወር 200 ሽያጭና 5,000 ዶላር የደረሰ ሻጭ የባንክ፣ የታክስና የመታወቂያ መረጃውን ማረጋገጥ አለበት። የተጠየቀውን በ10 ቀን ውስጥ ካልሰጠ ይታገዳል። ኢሜይላችሁን በየቀኑ እዩ። ሱቁን በዘመድ ስም ከፍታችሁ የይለፍ ቃሉን ባሕር ዳር ላለ ሰው የሰጣችሁ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ አስተካክሉት።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ፤ ዋናው ይህ ነው። ብዙዎቻችን «ሲሸጥ እልካለሁ» ነው የምንለው። ይህ ፍትሐዊ አይደለም። ጋሼ ክር የሚገዙት በጥሬ ገንዘብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 ብር አለፈ። እኛ ውጭ ያለነው በምንልከው ገንዘብ ተጠቀምን፤ ቅዳሜ ገበያ ክር የሚገዛ ሰው ግን ዋጋው በእጥፍ ሲወጣ ነው ያየው። ገበያው ገንዘብ ሲይዝብን እኔ ደመወዝ አለኝ፣ እጠብቃለሁ። ጋሼ ምን ይዘው ይጠብቃሉ?

ስለዚህ እኛ ቤት ያለው ስምምነት ይህ ነው። ሸማው ከሸማ መሥሪያው ተቆርጦ በተረከብነው ዕለት ሙሉ ዋጋው ይከፈላል። ተሸጠ፣ አልተሸጠ፣ ታገደ፣ ዋጋ ወደቀ፣ የኔ ጉዳይ ነው። የተመለሰ ዕቃም የኔ ነው። ሲሸጥ ከትርፉ ለአክስቴም ለጋሼም ድርሻ እጨምራለሁ። በዚህ አሠራር የምንሠራው ጥቂት ነው፤ ኪሴ የሚችለውን ያህል ብቻ አዛለሁ። አንዳንድ ዘመዶቼ «ለምን አታበዢውም?» ይሉኛል። ያላበዛሁት ገበያው ነገ ምን እንደሚል ስለማላውቅ ነው፤ ሳውቅ አበዛዋለሁ።

ደግሞ ሱቁ ብቻ አይበቃም። የኦንላይኑን ገበያ እንደ መንገድ ዳር መስኮት ቁጠሪው፤ ሰው የሚያይሽ እዚያ ነው፣ ደንበኛ የሚሆንሽ ግን በሌላ በር ነው። የገበያው ሕግ የገዢውን አድራሻ ለማስታወቂያ መጠቀም ይከለክላል፤ እሱን አትንኪ። ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን በዓል፣ በማኅበረሰብ ዝግጅት፣ በከተማው የገና ገበያ ላይ ቆመሽ ስትሸጪ የምታገኛቸው ሰዎች ያንቺ ናቸው። እኔ ዛሬ አብዛኛውን ጋቢ የምሸጠው ለእነሱ ነው። ጀርመናውያን ክረምት ላይ ጋቢን አንዴ ከደረቡት አይለቁትም፤ ለእህታቸው፣ ለጎረቤታቸው ሊገዙ ተመልሰው ይመጣሉ።

ከሀምቡርግ «ታንኳስ? የደንገል ሥራስ?» ብለህ የጠየቅከው ወንድሜ፣ የጣና ደንገል የተክል ውጤት ስለሆነ የዕፅዋት ጤና ሕግ ይመለከተው እንደሆነ አስቀድመህ ጉምሩክን ጠይቅ። ከሸማ የተለየ ጣጣ ሊኖረው ይችላል፤ ሳትጠይቅ አትላክ።

ከስቱትጋርት ያለሽው እህቴ፣ የመነሻ መግለጫው አጻጻፍና ከጋሼ ጋር የተፈራረምነው ወረቀት ቅጂ እጄ ላይ አለ። በግል ጻፊልኝ፤ እልክልሻለሁ። እስከ መስከረም እዚሁ ስለሆንኩ የእናትሽን ሰፈር ከነገርሽኝ ሄጄ ሸማውንም አየዋለሁ።