ክርክር፦ «የዘመኑ ሰው ነበር» ይበቃል?

የአራት ኪሎዋ፦

ወንድሜ የሚኖረው ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ነው። እዚያ «ሊ ሀይዌይ» የሚባል ትልቅ መንገድ ነበር። በ2021 ስሙ ተለውጦ ከቨርጂኒያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአሜሪካ ምክር ቤት በተመረጠው ጥቁር በላንግስተን ተሰየመ። (የአሜሪካውን ዓመት በእነሱ፣ የእኛን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ እናንተም እንደዚያ ብታደርጉ ከመደናገር እንድናለን።) ሊ የተባለው ሮበርት ሊ ነው፤ በአሜሪካ የእርስ በእርስ ጦርነት ባርነትን ይዘው ለመገንጠል ከተነሡት የደቡብ ግዛቶች ወገን የነበረ ዝነኛ ጄኔራል። ወንድሜ በስልክ «ጎበዝ የጦር መሪ ነበር፤ በዘመኑ መለኪያ መለካት ነበረበት» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? ስልኩን ዘግቼ ወደ ፒያሳ ስወርድ ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ደርሼ ቆምኩ። እኛስ ድልድዮቻችንን በማን ሰይመናል? ለባርነት በቆመ ወይም ከባርነት በተነካካ ጦርነት የዘመተን ሰው በምን እንመዝነው?

የፒያሳው፦

ልጄ፣ ወንድምሽ ትክክል ነው። ዕድሜዬን በሙሉ ታሪክ ሳስተምር ኖሬአለሁ፤ ከተማሪ ስሕተት ሁሉ የሚያበሳጨኝ፣ የሞተን ሰው ዛሬ በወጣ ሕግ ችሎት ፊት ማቆም ነው። ሊ በ1829 ዌስት ፖይንት ከሚባለው የአሜሪካ ጦር አካዳሚ ተመርቆ ከሠላሳ ዓመት በላይ አገሩን በውትድርና ያገለገለ ሰው ነው። በ1861 የሰሜኑን ጦር እንዲመራ ተጠይቆ ነበር። በትውልድ ግዛቱ በቨርጂኒያ ላይ ሰይፍ አላነሣም ብሎ ማዕረጉን መለሰ። ከአገር በፊት ቀዬውን ያስቀደመ ሰው ለእኛ እንግዳ ነው? በ1865 ሲሸነፍም ሠራዊቱን ጫካ አላስገባም። እጁን ሰጥቶ ኮሌጅ ሲያስተዳድር ኖሮ በ1870 ሞተ። በጌቲስበርግ የጦር ሜዳ መታሰቢያ ሊተከል ሲታሰብ እንኳ፣ የጦርነት ቁስል ክፍት ሆኖ ባይቆይ ይሻላል ብሎ ነው የመለሰው። ባርነትንም ለሚስቱ በጻፈው ደብዳቤ ክፉ ነገር ብሎታል። ከዚህ በላይ ከአንድ የቨርጂኒያ ባላባት ምን ትጠብቂያለሽ?

የካዛንቺሷ፦

ጋሼ፣ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ያንብቡልን እንጂ! በዚያው የ1856 ደብዳቤ ላይ ጥቁሮች አፍሪካ ከሚሆኑ አሜሪካ በባርነት ቢኖሩ ይሻላቸዋል፣ የሚቀበሉትም መከራ ለትምህርታቸው ነው፣ መቼ እንደሚያበቃ የሚያውቀው እግዚአብሔር ብቻ ነው ይላል። እኔ ጠበቃ ነኝ። በደልን አምኖ ቀጠሮ የሚያስረዝም ባለ ጉዳይ በየሳምንቱ ይገጥመኛል።

ደግሞም ነገሩ በደብዳቤ አላበቃም። የሊ አማት በ1857 ሲሞቱ ባሪያዎቻቸው ቢበዛ በአምስት ዓመት ውስጥ ነፃ እንዲወጡ ተናዘው ነበር፤ ኑዛዜውን የሚያስፈጽመው ሊ ነው። ባሪያዎቹ ወዲያው ነፃ የምንወጣ መስሎን ነበር አሉ። ሊ ግን የርስቱ ዕዳ ይከፈል ብሎ ያሠራቸው ጀመር፤ ጊዜው እንዲራዘምለትም ፍርድ ቤት ጠየቀ። ዌስሊ ኖሪስ የሚባል ወጣት በ1859 ከእህቱ ጋር ጠፍቶ ሲሄድ ተይዞ ተመለሰ። ከጦርነቱ በኋላ በ1866 በሰጠው ቃል፣ ሊ እዚያው ቆሞ እንዳስገረፈውና የተላጠ ጀርባው በጨው ውኃ እንዲታጠብ እንዳዘዘ ተናግሯል። ነፃ የወጡት በ1862 መጨረሻ፣ የኑዛዜው አምስት ዓመት ከሞላ በኋላ ነው። እህቴ፣ ለወንድምሽ ንገሪው፦ ይህ ሁሉ የሆነው እሱ በሚኖርባት በአርሊንግተን ነው።

አሁን «ዘመኑ» ወደሚለው ልምጣ። በ1860 በአሜሪካ ወደ አራት ሚሊዮን የሚጠጉ ባሪያዎች ነበሩ። ኖሪስ የየትኛው ዘመን ሰው ነው? ስለ ዘመኑ ስንጠይቅ ሁልጊዜ የምንጠይቀው ጌታውን ብቻ ነው። ከጌቶቹ ወገን እንምረጥ ካላችሁም ጆርጅ ቶማስ አለ። እሱም የቨርጂኒያ ልጅ፣ እሱም ከባለ ባሪያ ቤተሰብ፣ እሱም የዌስት ፖይንት ምሩቅ ነበር። ለመሐላው ታምኖ ከሰሜኑ ጋር ቆመ። እህቶቹ ፎቶግራፉን ወደ ግድግዳ አዞሩት ይባላል። ሁለቱም በአንድ ዘመን የኖሩ የአንድ ግዛት ልጆች ናቸው።

የሰባራ ባቡሩ፦

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ተሸንፎ ሐውልት! በቨርጂኒያ ዋና ከተማ በሪችመንድ የነበረው የሊ ሐውልት የቆመው በ1890፣ ሰውየው ከሞተ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ የወረደው ደግሞ በ2021 ነው። እኛ የተሸነፈ ሰው መቃብር እንኳ አናሳምር።

የልደታው፦

ሩቅ አገር ለምን እንሄዳለን? እኔ የማድረው ከባልቻ ሆስፒታል አጠገብ ነው። ወላጆቼ «ባልቻ ወሰድነው»፣ «ባልቻ ተኛ» ሲሉ ነው ያደግሁት፤ ሰው መሆኑን ያወቅሁት ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ፣ አባ ነፍሶ። ልጅ ሳለ በጦርነት ተማርኮ ተሰለበ፤ ከዚያ ምኒልክ ቤት አደገ። ዓድዋ ላይ መድፈኛ ሆኖ ሕዝብ ግጥም ገጠመለት። በስተርጅናው ደግሞ ጣሊያን ተመልሶ ሲመጣ ተነሥቶ ተዋግቶ ሞተ። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም እናጨበጭባለን።

በመካከል ግን የሲዳሞ ገዥ ነበር። እዚያ ገበሬው ለወታደር በገባርነት እየተደለደለ ሲፈጭ፣ ሲሸከም፣ ሲያርስ ኖሯል። ልጅ ሆኖ እንደ ዕቃ የተማረከው ሰው፣ አድጎ ሰው የሚያደለድል ሆነ። ይኼንን ሰው በምን ልመዝነው? ሊ ለእኔ ቀላል ነው። ባልቻ ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ።

የፒያሳው፦

ገባርና ባሪያ አይምታቱ! ገባር አይሸጥም አይለወጥም። የራሱ ቤት፣ የራሱ ትዳር አለው። በደል አልነበረም አላልኩም፤ ቃሉ ግን ይጠበቅ።

ሌላም ልንገራችሁ። ሙሶሊኒ በ1928 ሲወረን የዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ያቀረበው ክስ ምን ነበር? ኢትዮጵያ ባሪያ የምትሸጥ አረመኔ አገር ናት የሚል። የጣሊያን ጦር አዛዥ ደ ቦኖ ትግራይ እንደ ገባ ባርነት ቀርቷል ብሎ አዋጅ አስነገረ። ከዚያ በኋላ የመርዝ ጋዝ ዘነበ። አባቴ ይህንን ሲያወራ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስለዚህ ስለ ባርነታችን ሲነሣ ጆሮዬ መጀመሪያ የሚሰማው የአውሮፕላን ድምፅ ነው። ይቅር በሉኝ፣ እንዲህ ሆኜ ነው ያደግሁት።

የስድስት ኪሎው፦

ጋሼ፣ የሚሉት ይገባኛል፤ የካቲት 12 ሐውልት በየቀኑ ከመስኮቴ ይታየኛል። ግን ሌባ «ቤትህ ቆሻሻ ነው» ብሎ ቢገባ፣ ሌባው ከተባረረ በኋላ ቤቱ መጠረግ የለበትም? በእኛ 2004 ጣሊያኖች አፊሌ በምትባል ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ሲሠሩ ጮኸናል። ያኔ ማናችንም «የዘመኑ ሰው ነበር» የሚል መልስ አልተቀበልንም። ለእነሱ ያልፈቀድነውን ለራሳችን የምንፈቅደው በምን ሂሳብ ነው?

እናም ልናገረው። በ1887 ወላይታ ሲዘመት፣ ንጉሥ ጦና ቆስሎ ሲማረክ፣ የተማረከው ሰውና ከብት ለሠራዊቱ ተከፋፍሏል። አብሮ የዘመተ ፈረንሳዊ ያየውን ጽፎ ትቶታል። ከሁለት ዓመት በኋላ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ከፋን ሲያስገብሩም ብዙ ሰው ወደ ሰሜን ተነድቷል። ደግሞ አንዱ ወገን ብቻ ፈንጋይ፣ ሌላው ተፈንጋይ ብቻ ነበር የሚል ተረት አላወራም፤ በጅማ በአባ ጅፋር ግዛት የባሪያ ገበያ ደርቶ ነበር። ከደርቡሽ ጋር የተዋጉትም የተዋጓቸውም ምርኮኛ ባሪያ አድርገዋል። የተሸጠው ግን መቼም ጦር አበጋዙ አይደለም።

በዚያው ዘመን የኖረ አንድ ሰው ልጥቀስና ላብቃ፦ ኦነሲሞስ ነሲብ። በልጅነቱ ተሰርቆ፣ እጅ ከእጅ እየተላለፈ ተሽጦ፣ ምፅዋ ላይ ነፃ ወጣ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው እሱ ነው። ዘመኑን መጠየቅ ካማራችሁ እሱን ጠይቁት።

የፒያሳው፦

ፍትሐ ነገሥቱ የጦር ምርኮኛን ባሪያ ማድረግ ይፈቅድ ነበር እኮ! ሕጉ የፈቀደውን ያደረገን ሰው በምን ትከሰዋለህ? እንዲያውም አፄ ቴዎድሮስ የባሪያ ንግድን ለመከልከል ሞክረዋል፤ ምኒልክም በአዋጅ ከልክለዋል። ለዘመናቸው ቀዳሚዎች ነበሩ።

የካዛንቺሷ፦

ይኸው ራስዎ መሰከሩ። ክፉ መሆኑ ባይታወቅ ኖሮ አዋጁ ለምን አስፈለገ? አዋጅ የሚወጣው ነገሩ ነውር መሆኑን አዋጅ አውጪው ሲያውቅ ነው። ስለዚህ «አያውቁም ነበር» የሚለው መከላከያ ከዛሬ ጀምሮ ከመዝገቡ ይውጣልኝ። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን ትልቁ እንቅፋት ይኸው ነበር። በዚያው ዓመት በመጋቢት አዋጅ ወጣ፤ እሱም ባሪያውን ሁሉ በአንድ ቀን አላወጣም። ባርነት በሕግ ጨርሶ የተሻረው በነሐሴ 1934 ነው። ከቴዎድሮስ እስከዚያ ድረስ ስንት ሰው ተሸጦ አለፈ!

ነገር ግን የስድስት ኪሎው፣ አንተም ጨምቀህ አንድ ላይ አታፍስሰው። እኔ ዓላማንና አድራጎትን እለያለሁ። የደቡብ ግዛቶቹ መንግሥት የቆመው ለምን እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። ምክትል ፕሬዚዳንቱ አሌክሳንደር ስቲቨንስ በመጋቢት 1861 ባደረገው ንግግር፣ የአዲሱ መንግሥት የማዕዘን ድንጋይ ጥቁር ከነጭ እኩል አለመሆኑና ባርነት ተፈጥሯዊ ቦታው መሆኑ ነው አለ። ሊ የተዋጋው ለዚህ ድንጋይ ነው፤ ልቡ ቢወድም ባይወድም። ቢያሸንፍ ኖሮ እነዚያ አራት ሚሊዮን ሰዎች ባሪያ ሆነው ይቀሩ ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓድዋ ላይ የተዋጉት ደግሞ ባሪያ ለመያዝ አልወጡም፤ ራሳቸው እንዳይያዙ ነው የወጡት። ቢሸነፉ ኖሮ አፍሪካ የምትኮራበት ቀን አይኖርም ነበር። ወላይታ ላይ ግን ይኼው ሠራዊት፣ እነዚሁ ሰዎች ሌላ ሥራ ሠርተዋል። እኔ ሰውን በጅምላ አልመዝንም፤ ዘመቻውን እመዝናለሁ። ሰውየው አንድ፣ ዘመቻው ብዙ ነው። ለዓድዋው ሐውልት ይቁም፣ ወላይታውም በዚያው ሐውልት ሥር ይጻፍ።

የአራት ኪሎዋ፦

እኔ ይህ አከፋፈል ትንሽ ተመቻቸልን እላለሁ። ለሊም እኮ «አሜሪካ ከሜክሲኮ ጋር ስትዋጋ የዘመተው ጥሩ፣ የ1861ዱ መጥፎ» ማለት ይቻላል። ለምን እሱን በአንዱ ጨርሰን ባልቻን በሁለት ከፈልነው? የእኛ ስለሆነ ካልሆነ በቀር?

የካዛንቺሷ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሴ፦ ሊ ሐውልት የቆመለት ለሜክሲኮው አይደለም። ሐውልቱ የትኛውን ሥራ ያከብራል ብለሽ ጠይቂ። ከአሸናፊው ወገን የሆነውን ቶማስን ትቶ ሊን የመረጠ ሰው ምን እያከበረ እንደሆነ ያውቃል። ሎንግስትሪትንም ተመልከቺ። የሊ ቀኝ እጅ የነበረ ጄኔራል ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን የጥቁሮችን መብት ደግፎ በ1874 ኒው ኦርሊንስ ላይ ጥቁሮች ያሉበትን ጦር ይዞ ከነጭ ዓመፀኞች ጋር ተዋጋ። በደቡብ አደባባዮች የእሱን ሐውልት ፈልጊ እስቲ! ባልቻ የሚታወሰው ግን በመድፉ ነው። አንቺ የምትፈሪው ሌላውን እንድንረሳ ከሆነ ግን እስማማለሁ።

የጌጃ ሰፈሯ፦

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እናንተ ስለ ሐውልት ትከራከራላችሁ። አያቴ ስሟ ሁለት ነበር፤ አንዱ የተወለደችበት፣ ሌላው ገዝተው ያመጧት ሰዎች ያወጡላት። የመጀመሪያውን ለማንም አልነገረችም። ባርነት ቀረ ከተባለ በኋላ ሄዳ የምትገባበት ስላልነበራት እዚያው ቤት ቀረች፤ ወጥ ቤት ውስጥ ዳቦና ጠላ ስትሠራ ኖረች፣ እናቴም እዚያው ተወለደች። እኔ ሃያ አምስት ዓመት ሆኖኝ ሊያገቡኝ የመጡ ሽማግሌዎች ዘር ጠይቀው ተመልሰዋል። ሽማግሌዎቹ የዘመናቸው ሰዎች ነበሩ፤ ዘመኑ ደግሞ የእኔ ነው።

ለባልቻ ክፋት የለኝም። እሱም እንደ አያቴ ከቤቱ የተወሰደ ልጅ ነው። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስለ እሱ ስታወሩ «በጦርነት ተማርኮ ቤተ መንግሥት አደገ» እያላችሁ ማር አትቀቡት።

የፒያሳው፦

ልጄ፣ ይቅርታ። ሰላሳ ዓመት በሰሌዳ ላይ ስጽፈው የኖርኩት ልክ እንደዚያ ነበር፦ «ተማርኮ ቤተ መንግሥት አደገ»።

የልደታው፦

እንግዲያው ሥራ እንሥራ። ሆስፒታሉ በር ላይ ስለ ባልቻ አጭር ጽሑፍ እንዲለጠፍ ብንጠይቅ ምን ይባል? ጀመርኩት፦ «ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ። በልጅነታቸው በጦርነት ተይዘው ተሰለቡ። በዓድዋ መድፍ ተኮሱ። ሲዳሞን ገዙ፤ ገባሩም ተበደለ። ጣሊያንን ሲዋጉ ሞቱ።»

የፒያሳው፦

«ገባሩም ተበደለ» የሚለው ማን በደለው ሳይል አለፈ። ሰዋስውህን አስተካክል።

የካዛንቺሷ፦

ልክ ነዎት ጋሼ። «ገባሩን በደሉ» ይባል።

የስድስት ኪሎው፦

«ተይዘው» የሚለውስ? ማን ያዛቸው?

የልደታው፦

በኋላ የዘመቱለት ሠራዊት። እሱ ይጻፍ?

የጌጃ ሰፈሯ፦

ይጻፍ።