«የአባቶቹን ልብስ»? የማን አባቶች?

ነገረኛው፦ ትናንት አንዱ የንጉሥ ቻርልስን ፎቶ ለጥፏል፤ ብሬማር በሚባለው የስኮትላንድ ጨዋታ ላይ ኪልት (ስኮቶች ከወገብ እስከ ጉልበት የሚታጠቁት እጥፋት ያለው ልብስ) ለብሶ። ከሥሩ ምን ብሎ ቢጽፍበት ጥሩ ነው? «ንጉሡ የአባቶቹን ልብስ ለብሶ ተገኘ»። ኧረ በሕግ! ኪልት የለበሰ ይታሰር የሚለው ሕግ በ1746 የወጣው (ዓመቱን በፈረንጅ ቁጠሩት) በማን ዘመን ነው? በአያት ቅድመ አያቱ በዳግማዊ ጆርጅ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ 6 ወር እስር፣ የደገመ 7 ዓመት ባሕር ማዶ ግዞት። የትኞቹ አባቶች ናቸው የለበሱት?

የግላስጎው ልጅ፦ ነገረኛ የሚለውን ስም በደንብ መርጠኸዋል። ዘር የሚቆጠረው በአንድ በኩል ብቻ ነው? የእናቱ እናት የስኮትላንዱ መኳንንት የግላሚስ ቤተሰብ ልጅ ነበረች። ወደ ላይ ስትወጣ ደግሞ የስኮትላንዱን ንጉሥ ጄምስ ስድስተኛን ታገኘዋለህ።

ነገረኛው፦ አገኘሁት። ጄምስ የኤድንብራ ልጅ ነው። ግላሚስም ያው የቆላው ወገን። ኪልት የደገኞቹ ነው፣ የሰሜን ተራራ ሰዎች። የቆላው ሰው ያኔ ኪልት ለባሽ ሲያይ ተሰርቄ ይሆን ብሎ ከብቱን ነበር የሚቆጥረው። እና የትኛው አባቱ ነው የለበሰው? ስም ጥራልኝ።

የግላስጎው ልጅ፦ ጆርጅ አራተኛ፣ የንግሥት ቪክቶሪያ አጎት፤ ቪክቶሪያ ደግሞ የንጉሡ ቅድመ አያት ናት። 1822። ይኸው ስም።

ነገረኛው፦ ሃሃሃ! እሱን ባትጠራው ይሻልህ ነበር።

ጋሽ ጥላዬ፦ ልጆች፣ እዚህ አገር ሠላሳ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ይቺን እኔ ልንገራችሁ። ጆርጅ አራተኛ በ1822 እስኪመጣ ድረስ ንጉሥ የሆነ ሰው ስኮትላንድን ሳይረግጥ 170 ዓመት ገደማ አልፎ ነበር። ዋልተር ስኮት የተባለው ደራሲ ድግሱን መራ፤ ሁሉም ታርታን (ኪልት የሚሠራበት ባለ ቀለም መስቀለኛ መስመር ጨርቅ) ለብሶ እንዲመጣ አሳሰበ። ንጉሡ ለዚያች ልብስ ከ1,300 ፓውንድ በላይ ከፈለ፣ በዚያ ዘመን ብር! ኪልቱ ግን አጠረበት። እግሩ እንዳይታይ ደግሞ ሮዝ ታይት፣ እግር ላይ ልክክ የሚል ሱሪ፣ ከሥሩ አጠለቀ። ሠዓሊው ዊልኪ በኋላ ሲስለው ኪልቱን አስረዝሞ፣ ታይቱን አጥፍቶ፣ ሆዱንም ቀንሶለታል።

ዝናብ ሰለቸኝ፦ ጋሼ ይኑሩልን 😂 ፎቶ ማሳመር ያኔም ነበር ማለት ነው።

ነገረኛው፦ ስለዚህ «የአባቶቹ ልብስ» ማለት ሮዝ ታይት ነው። ተስማምተናል።

የግላስጎው ልጅ፦ አልተስማማንም። ክልከላው በ1782 ተነስቷል። ሕጉ ላይ እያለም ወታደር እንዲለብስ ይፈቀድ ነበር፤ ኪልቱን ካቆዩት አንዱ የንጉሡ ሠራዊት ነው። ቪክቶሪያ ከ1848 ጀምራ ብሬማር ሄዳለች። ባሏ አልበርት ስኮትላንድ ላለው ለቤተ መንግሥታቸው ለባልሞራል በ1853 ታርታን ራሱ ነደፈ። አምስት ስድስት ትውልድ የለበሰው ካልሆነ የአባት ልብስ ምንድን ነው ታዲያ? አያትህ የለበሰው የአንተ አይደለም?

ነገረኛው፦ ያንንም ታርታን ከንጉሣዊው ቤተሰብና ከንጉሡ ባግፓይፕ (የከረጢት ዋሽንት) ነፊ በቀር ማንም እንዳይለብሰው አደረጉ። አየህ? መጀመሪያ ለባለቤቱ ከለከሉ፣ ቀጥሎ ለራሳቸው አጠሩ።

ጋሽ ጥላዬ፦ እሱ ልማድ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ማንም ፖሊስ አይዝህም። የንጉሡ ነው የሚባለው ሮያል ስቱዋርት እንኳ የብስኩት ቆርቆሮ ላይ ሳይቀር አለ።

እሙ ካባ፦ እኔን የገረመኝ ይሄ ሁሉ ጭቅጭቅ ለጉርድ ቀሚስ መሆኑ። የኛ ካባስ? ዱሮ ካባና ለምድ ንጉሥ ካልሸለመ ማን ይደርብ ነበር? ዛሬ ሙሽራ ሁሉ ተከራይቶ ይደርባል፤ «የማን አባት» ብሎ የጠየቀ የለም።

የግላስጎው ልጅ፦ ጉርድ ቀሚስ አትበይው እባክሽ። እዚህ ሰው ፊት ብትይው ምሳሽን አትጨርሺም።

እሙ ካባ፦ ቀሚስ ያልሆነው በምኑ ነው? ሱሪ ነው?

የግላስጎው ልጅ፦ ኪልት ነው! ኪልት!

ነገረኛው፦ ወደ ካባ አትውሰዱን። ካባን ማንም ሕግ አውጥቶ ከባለቤቱ አልገፈፈም። ጥያቄው አንድ ነው፦ የከለከለ ሰው ልጅ መልሶ ሲለብሰው «የአባቶቼ» ይላል ወይስ «የተውሶ»?

ዝናብ ሰለቸኝ፦ ይቅርታ ላቋርጣችሁ። ልጄ በሚቀጥለው ወር ይመረቃል፣ ኪልት ካልተከራየሁ ብሎ ይዞኛል። ስኮትላንድ ተወልዷል፣ ታርታን ግን በጎሳ ነው ይላሉ፤ እኛ የስኮት ጎሳ የለንም። ነውር ነው እንዴ?

የግላስጎው ልጅ፦ ምንም ነውር የለውም። ጎሳ የሌለው ሰው የሚለብሰው ታርታን ሞልቷል። ርዝመቱ ጉልበቱ መሐል ይድረስ፣ እጥፉ ከኋላ ይሁን፣ ፒኑን የላይኛው ጨርቅ ላይ ብቻ ይሰካው፤ የላይኛውንና የታችኛውን ጨርቅ አብሮ ከሰካው ይቀደዳል። እኔ የጓደኛዬ ሠርግ ላይ እጥፉን ወደ ፊት አዙሬ ገብቼ የሙሽራዋ አያት እጄን ይዛ መጸዳጃ ቤት በር ድረስ ወስዳኛለች።

ነገረኛው፦ «ለአባቶች ልብስ» ጠበቃ የቆመው ሰው ይሄ ነው! እጥፉን ወደ ፊት!

የግላስጎው ልጅ፦ የዛሬ ስምንት ዓመት ነው።

ነገረኛው፦ አያትየዋ ንጉሡንም ይዛ ትውሰድልን።

ጋሽ ጥላዬ፦ የንጉሡ እጥፍ ደህና ነው፤ እሱን እንኳ ተዉት። ዝናብ ሰለቸኝ፣ ካልሲ ውስጥ የምትሻጠዋን ቢላ ለልጅሽ አትከራዪለት። የምርቃቱ አዳራሽ በር ላይ ጥበቃ አለ።

ዝናብ ሰለቸኝ፦ ቢላ?! ጋሼ ምን ቢላ? ይሄን ልጅ ሱሪ ነው የማስለብሰው።

እሙ ካባ፦ ካባ አለኝ፣ ላውስሽ?

ነገረኛው፦ ስሙን አልጠራችሁልኝም ገና። ከጆርጅ አራተኛ በፊት የለበሰ አንድ አባት። አንድ።