የአየርላንድ ተረት ነጋሪዎችና የመድረክ ገጣሚዎች፦ የሕዝብ ገንዘብ ቅድሚያ ለማን?

ከኮርክ፦
አንድ ጥያቄ ላንሳ። የአየርላንድ መንግሥት በ2022 ለ2,000 አርቲስቶች በሳምንት 325 ዩሮ መክፈል ጀመረ፤ የተመረጡትም በዕጣ ነው። ጥሩ ሥራ ነው፣ እደግፈዋለሁ። የኔ ክርክር ከዕጣው በፊት ያለው ላይ ነው። ዕጣው ውስጥ ለመግባት ባለሙያ መሆንን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቅ ነበር፤ የማኅበር አባልነት፣ ከጥበቡ የተገኘ ገቢ፣ ለሕዝብ የቀረበ ሥራ። ደብሊን ውስጥ መጠጥ ቤት ፎቅ ላይ ግጥም የሚያቀርብ ወጣት ይህን አያጣም፤ ፖስተሩም ቪዲዮውም እጁ ላይ ነው። ኬሪ ወይም ዶኔጎል ገጠር ውስጥ በአይሪሽኛ፣ በአገሩ ነባር ቋንቋ፣ ተረት የሚያወርዱ የሰባ ዓመት ገበሬ ግን ምን ወረቀት ያመጣሉ?

አቋሜ ግልጽ ነው፤ ቅድሚያ ለአይሪሽኛ ተረት ነጋሪዎች። በ2022ቱ የሕዝብ ቆጠራ 1.87 ሚሊዮን ሰው አይሪሽኛ እችላለሁ ብሏል። ከትምህርት ቤት ውጭ በየቀኑ የሚናገረው ግን 72 ሺህ ገደማ ነው። የእንግሊዝኛው የመድረክ ግጥም ነገም ከነገ ወዲያም ሰው አያጣም።

የተረት ወዳጅ፦
ወንድሜ ከኮርክ፣ ይጠፋል የምትለው ተረት እኮ ተሰብስቧል። የሕዝቡን ተረትና ወግ እንዲሰበስብ በ1935 የተቋቋመው የፎክሎር ኮሚሽን ሰብሳቢዎችን በየገጠሩ አሰማርቶ ነበር። ከ1937 እስከ 1939 ደግሞ 50 ሺህ ያህል ተማሪዎች ከአያቶቻቸውና ከጎረቤቶቻቸው የሰሙትን በደብተር ጽፈዋል። ይህ ሁሉ ዛሬ ደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተቀምጧል፤ ዩኔስኮም በ2017 በዓለም የመዛግብት ቅርስነት መዝግቦታል። የጠፋው ሰሚው ነው። የኬሪውን ሾን ኦኮኔልን አስብ፤ በ1931 ያረፉ ገበሬና ዓሣ አጥማጅ። የኮሚሽኑ ኃላፊ የነበረው ደላርጊ እንደጻፈው፣ አድማጭ ሲጠፋ ተረቱ ከአእምሯቸው እንዳይወጣ ፈርተው ከብት እየጠበቁ ለድንጋይ ካብ ይተርኩ ነበር፤ ከገበያ ሲመለሱም ከጋሪው ኋላ እየተራመዱ፣ እጃቸውን እያወናጨፉ። ለኝህ ሰው በሳምንት 325 ዩሮ ብትሰጣቸው ካቡ ይሰማቸዋል? ገንዘቡ ሰው ወደሚሰበሰብበት ምሽት ይሂድ። ቋንቋው የመጣው ይሁን።

ከኮርክ፦
የሾን ኦኮኔል ነገር ልቤን ነክቶታል። ግን «ተሰብስቧል» የምትለውን አልቀበልም። ሰብሳቢዎቹ የሚቀዱት ኤዲፎን በሚባል ከባድ መሣሪያ ነበር፤ ድምፁ የሚቀረጸው በሰም ጥቅልል ላይ ነው። ሰሙ ውድ ስለነበር ተረቱ በወረቀት ከተገለበጠ በኋላ ጥቅልሉ ተፍቆ እንደገና ይቀዳበት ነበር። አብዛኛው ድምፅ፣ ሳቁ፣ ዝም የሚባልበት ቦታ፣ ተፍቆ ሄደ። ወረቀቱን ይዘህ ተረቱ አለ አትበለኝ። ዛሬ በሕይወት ያሉትን አፍ ለማዳን ነው የምለምነው።

መምህርት ነኝ፦
እኔ ደግሞ «ቅድሚያ ለቋንቋው» ሲባል እፈራለሁ። ፔግ ሴየርስን ተመልከቱ። ከኬሪ ዳርቻ ካለችው ከታላቁ ብላስኬት ደሴት ሰዎች መካከል ስማቸው በጣም የታወቀ ተረት ነጋሪ ናቸው፤ በ1958 አረፉ፤ ደሴቲቱም ቀደም ብላ በ1953 ባዶ ሆናለች። ለልጃቸው እየነገሩ ያስጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ለአሥርት ዓመታት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ የግድ የሚያነበው ሆነ። ውጤቱስ? ስማቸው ሲነሳ ፊቱን የሚያጨማድድ ትውልድ ተፈጠረ። መንግሥት «ይህን ውደዱ» ሲል ልጆች አይወዱም። በሌላ በኩል ናይጄሪያ ተወልደው እዚህ አየርላንድ፣ ሎንግፎርድ ያደጉት ገጣሚ ፌሊስፒክስ አሉ፤ ከመድረክ የተነሳ ግጥማቸው ወደ ትምህርት ቤት ማጠናቀቂያ ፈተና ገብቷል። በእንግሊዝኛ ነው። አየርላንዳዊ አይደለም የሚል ይኖራል?

ከኮርክ፦
እህቴ፣ የፔግ ጥፋት አይደለም። መጻፍ የማይችሉበትን ቋንቋ በአፋቸው ያከበሩ ሴት ናቸው። በማድ ቤታቸው የሚሰበሰበው ጎረቤት ማን አስገደደው? ተማሪው ያገኛቸው በወረቀት ላይ፣ ለፈተና ነው። ተረት ነጋሪዋን ራሷን ክፍል ውስጥ አስገቡና እስቲ ልጆቹ ፊታቸውን ያጨማድዱ እንደሆነ እንይ። ፌሊስፒክስን በተመለከተ ግን ካንቺ ጋር ነኝ፤ አየርላንዳዊነታቸውን የሚጠራጠር ካለ ከኔም ጋር ይጣላል።

የሊመሪክ ነዋሪ፦
ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ስላም የሚባለው የመድረክ ግጥም ውድድር በ1980ዎቹ ቺካጎ የተጀመረ ነው፤ ደቂቃ ይቆጠራል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት፤ ነጥብም ይሰጣል። ከጥንቱ የጀግና ተረት አንዱ ሌሊቱን ሙሉ የሚፈጅ ነበር፤ በሦስት ደቂቃ አይገባም። «ከኮርክ» ይህን ቢል እስማማለሁ። ሆኖም የአይሪሽኛው ትልቅ በዓል ኢራክተስም ከ1897 ጀምሮ በዳኛ ፊት ያወዳድራል፤ ስለዚህ ውድድሩን ብቻ አንውቀስ። ደግሞ ኮርክ ውስጥ በ2007 የተጀመረው «ኦ ቬል» የተባለው የግጥም ምሽት አለ። ታዳሚው አምስት ቃል ይሰጣል፣ ገጣሚዎቹ በሩብ ሰዓት ግጥም ይሠራሉ። አዝማሪ ቤት «ተቀበል» ሲባል እንዳለው ነው፤ ሰሚው የሥራው ባለቤት ይሆናል። ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሆነ ይህን ሁለተኛ ረድፍ ላይ ማስቀመጥ ይከብደኛል።

ሁለተኛው የሚከነክነኝ ነው። ትራቨለር የሚባሉት ተጓዥ ማኅበረሰቦች አሉ፤ መንግሥት በይፋ እንደ ብሔረሰብ ያወቃቸው በ2017 ነው። ብዙ ተረት ይዘው የቆዩ ሰዎች ናቸው፣ የሚተርኩትም በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። የ«ከኮርክ» ደንብ ቢጸድቅ ከሰልፉ መጨረሻ የሚቆሙት እነሱ ናቸው። በየመንደሩ ሲገፉ የኖሩትን በባህል ስም እንደገና ልንገፋቸው ነው?

ከኮርክ፦
ይህ ከባድ ነው፣ በቀላሉ አላልፈውም። ለትራቨለር ተረት ነጋሪዎች ራሱን የቻለ ድርሻ ይመደብ፤ ከአይሪሽኛው እኩል እንጂ ከሥሩ አይሁን። የከተማው የእንግሊዝኛ መድረክ ከሁለቱ በኋላ ይምጣ፤ ከዚህ አልነቃነቅም። የማስረጃው ጉዳይ ደግሞ ይቀየር። ፖስተርና ደረሰኝ የሌለው ሰው ሦስት ጎረቤቶቹ «እኚህ ሰው ተረት ያወርዳሉ፣ ሰምተናል» ብለው ቢፈርሙለት ይበቃ።

የተረት ወዳጅ፦
በጎረቤት ምስክርነቱ እስማማለሁ። ግን ፊርማው ላይ «ሰምተናል» ብቻ አይጻፍ፤ የት ቤት፣ በየትኛው ወር፣ ስንት ሰው ተቀምጦ እንደነበር ይጻፍ። ከዚያ መንግሥት ለተራኪው ደመወዝ ሲሰጥ ለዚያ ቤት ደግሞ የማገዶና የሻይ ይስጥ። ይህን ከተቀበልክ ስለ ቅድሚያው ተራ ካንተ ጋር ለመደራደር ዝግጁ ነኝ።

ከኮርክ፦
ማገዶውን ተቀብያለሁ። ስለ ተራው ነገ እንቀጥል፤ የሊመሪክ ነዋሪም ስለ ትራቨለሮቹ ድርሻ መጠን የሚለውን ይዞ ይምጣ።