የኢሜይሉ ርዕስ ላይ ያደረግነው አበባ ጥያቄ ምልክት ሆነ፤ ነገ ማታ ነው የሚላከው!

የሸማ ቤት፦
እባካችሁ ድረሱልኝ። የእንቁጣጣሽ ቅናሽ ኢሜይላችን ነገ ማታ ይወጣል። ርዕሱ ፊት ላይ ቢጫ የአበባ ኢሞጂ አድርገን ነበር፤ ወደ ራሴ ልኬ ሳየው አበባው «?» ሆኖ መጣ። አማርኛው ደህና ነው። ደንበኞቻችን አብዛኞቹ ዲሲና ዱባይ ናቸው፤ ዓመቱን ሙሉ የምንጠብቀው ሽያጭ ነው። ምን ላድርግ?

የመርካቶ ልጅ፦
አደይ ገና መስከረም አልጠባም ብላ ይሆናላ! ለማንኛውም በሌላ ስልክ እዪው።

ሻጭ ነኝ፦
እህቴ፣ ምልክት ብቻውን ኢሜይል አያስከፍትም። ሰው መጀመሪያ የሚያየው ማን እንደላከው ነው። ስልክ ደግሞ ረዥም ርዕስ ይቆርጣል፤ ቅናሹን የሚናገረው ቃል ከፊት ይቅደም። ማየት ለተሳነው ሰው ስልኩ የኢሞጂውን ስም በድምፅ ነው የሚያነብለት፤ አምስት አበባ ብትደረድሪ አምስቱንም ይሰማል። አንድ ይበቃል።

የሸማ ቤት፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ አንድ ብቻ ነው ያደረግነው። አሁን የጨነቀኝ ጥያቄ ምልክቱ ነው። ለገና ኮከብ (★) አድርገን ምንም አልሆነም ነበር።

ቀጭን ፈትል፦
በዚህ ዘመን ኢሜይል ማን ያነባል? ቴሌግራም ላይ ልቀቁት።

የሸማ ቤት፦
ቻናል አለን። ውጭ ያሉት ግን የሚያዙት ከኢሜይሉ ነው።

የመርካቶ ልጅ፦
በሌላ ስልክ አየሽው?

የሌሊት ተረኛ፦
በምንድን ነው የምትልኩት?

የሸማ ቤት፦
አንድ ልጅ የሠራልን ሲስተም አለ። ርዕሱን እዚያ ጽፈን እናስቀምጣለን፤ ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ ይልካል። የጻፍነው የሚቀመጥበት ዳታቤዝ ማይኤስኪውኤል የሚባለው ነው ብሎኛል።

የሌሊት ተረኛ፦
ስልኩን ተዪው፤ አበባው የጠፋው ስታስቀምጡት ነው። ማይኤስኪውኤል «ዩቲኤፍ8» ሲል የኖረው የፊደል ማስቀመጫ ዘዴ ለአንድ ፊደል ወይም ምልክት ከ3 ባይት (የኮምፒውተር የቦታ መለኪያ ነው) በላይ አይቀበልም። የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው፤ የገናው ኮከብም 3 ነው፤ ስለዚህ አለፉ። አበባው 4 ባይት ነው። ልጁ ርዕሱ የሚቀመጥበትን ሠንጠረዥም ሲስተሙ ከዳታቤዙ ጋር ያለውን ግንኙነትም 4 ባይት ወደሚቀበለው «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» ይቀይረው፤ ከፈረንጆቹ 2010 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ከዚያ አበባውን እንደገና ጻፉት፤ የተቀመጠው «?» ተመልሶ አበባ አይሆንም።
ባካፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ሳይዝ ግን እንዳይነካው! ለነገ ካልደረሰ ★ ወይም የራሳችንን የግዕዝ ምልክት ፨ አድርጊ፤ ሁለቱም 3 ባይት ናቸው።

ሻጭ ነኝ፦
፨ እንዴት ያምራል! ከሁሉም ሱቅ ኢሜይል ይለያል። እኔ ብሆን አበባውን ትቼ እሱን ነበር የማደርገው።

ቀጭን ፈትል፦
አሮጌ ስልክ ላይ ፨ ባዶ ሳጥን ሆኖ እንዳይታይ።

የሌሊት ተረኛ፦
አማርኛው የሚነበብበት ስልክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ እሱም ይታያል። ቢሆንም መጀመሪያ ዲሲና ዱባይ ላለ አንድ አንድ ሰው ልከሽ ጠይቂ።

የመርካቶ ልጅ፦
የሸማ ቤት፣ ተላከ?