ፕሮትራክተሩ ከእያንዳንዱ ማዕዘን የተለያየ ዲግሪ ያጎድላል፤ ለምን?

ለጀማሪዎች የማዕዘን ልኬት ለማሳየት ባዘጋጀሁት ጎነ ሦስት ላይ ተይዣለሁ። ሀለ 8፣ ለመ 6፣ ሀመ 7 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በማስመሪያና በኮምፓስ የተሠራ። በግማሽ ዲግሪ አጠጋግቼ ስለካው መ ላይ 74፣ ለ ላይ 55፣ ሀ ላይ 42.5 አገኘሁ። ሲደመር 171.5! መሆን የነበረበት 180 ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የቁጥሮቹን ረድፍ ነው፤ ብዙ ጀማሪ 55ን 125 ብሎ የሚያነበው እዚያ ላይ ነውና። ግን ያነበብኩት ጎኑ ላይ ከ0 የሚነሳውን ረድፍ ነበር። እርሳሱን ቀርጬ እንደገና ሣልኩት፤ ያው ነው።

ከዚያ ፕሮትራክተሩን ቀረብ አድርጌ አየሁት። የ0 መስመሩ የታተመው ከፕላስቲኩ ጠርዝ 5 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ነው። እኔ ደግሞ ጎኑ ላይ የማሳርፈው ጠርዙን፣ ነጥቡ ላይ የማደርገውም የጠርዙን መሃል ነበር። የ0 መስመሩን ጎኑ ላይ አሳርፌ፣ ትንሿን የመስቀል ምልክት ጎኖቹ በሚገናኙበት ነጥብ ላይ ሳደርጋት 75.5፣ 58 እና 46.5 ወጣ። ድምሩ 180 ሆነ።

ያልገባኝ ሌላ ነው። ስህተቱ ሦስቱም ጋ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ከመ ያጎደለው 1.5፣ ከለ 3፣ ከሀ ደግሞ 4 ዲግሪ ነው። የፕሮትራክተሩ ሬዲየስ 5 ሴንቲ ሜትር ነው። ሰሌዳ ላይ በነጥብና በመስመር ብቻ ሥዬ ላስረዳው እፈልጋለሁ፦ ያው 5 ሚሊ ሜትር ጠባቡን ማዕዘን አብልጦ የሚያጎድለው ለምንድን ነው?