የበር 50 ብርና «አይቶ ሂያጅ»

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦
እሁድ ዕለት ከትምህርት ቤቱ በር የተመለሰውን ሕዝብ ያያችሁ ታውቃላችሁ። ላላያችሁ ልንገራችሁ። እዚህ ደሴ ቅሬያችን (እድራችን) በየወሩ የሚያዘጋጀው የሰፈር ገበያ ድንገት በነፍስ ወከፍ 50 ብር መግቢያ ተጣለበት። የታዘለ ሲቀር ልጅም ይከፍላል። ገንዘቡ ለአቅመ ደካሞች ነው ተባለ። እሺ። ሰው ሲያጉረመርም ግን ከኮሚቴው አንዱ በድምፅ መልእክት ምን አለ? «50 ብር የከበደው ሰው መጀመሪያም ሊገዛ አልመጣም። አይቶ ሂያጅ ሰልችቶናል።»

እስቲ ፍረዱኝ። እዚያ የሚሸጠው ምንድን ነው? ሳልባጅ ጃኬት፣ የልጅ ጫማ፣ ያገለገለ ድስት፣ አሮጌ መማሪያ መጽሐፍ። ገዢው ማን ነው? ያው የተቸገረው አይደል? ሦስት ልጅ ያላት እናት ገና አንድ ካልሲ ሳትገዛ 200 ብር ልትከፍል ነው። ከደሃ በር ላይ ተቀብሎ ለደሃ መስጠት ምን የሚሉት ጽድቅ ነው?

ሙጋድ ማዶ፦
የሰውን ንግግር ቆርጠህ አትለጥፍ። እኔም ኮሚቴው ውስጥ ነኝ፣ አልደብቅም። ባለፈው ወር ግቢው ሞልቶ ሕፃናት ሊረጋገጡ ነበር። የሻጭ ዕቃ ጠፋ። ጥበቃ ቀጠርን። ልገሳ በፈቃድ ይሁን ብለን በር ላይ ሳጥን አስቀምጠን ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ አልፎት ማታ ስንከፍተው ያገኘነውን ብነግርህ ታፍራለህ። የተቀዳደደ 10 ብርና የካርድ ቁራጭ! 50 ብር እኮ የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ናት። ተጠራቅማ ግን ለአልጋ ቁራኛ እናቶች የጤና መድን ትከፍላለች።

የጦሳ ጉም፦
«አይቶ ሂያጅ»! ይቺንስ በፍሬም አሠርቼ ሳሎን እሰቅላታለሁ። እኔ አይቶ ሂያጅ ነኝ። አባቴም አይቶ ሂያጅ ነበር። ባቲ ሰኞ ከሚወጣው ሕዝብ ግመል የሚገዛው ስንቱ ነው? አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው ይመጣል። ግማሹ ዘመድ ሊጠይቅ፣ ግማሹ የእህል ዋጋ ሊሰማ፣ ግማሹ ልጁን ለማን እንደሚድር ሊያይ ነው። ለዚያ ሁሉ ቲኬት የሚቆርጥ አልገጠመኝም።

ሐረጎ ቁልቁለት፦
ሦስት ግማሽ ቆጠርክ። ለማንኛውም ባቲ በነጻ ነው ያለህ ማን ነው? ኮቴ አይከፈልም?

የጦሳ ጉም፦
ኮቴ በከብቱ ነው የሚከፈለው ወንድሜ። ቆሞ ግመል ያየ ሰው ኮቴ ሲጠየቅ አይተሃል? የራሱን እግር ካልቆጠሩበት በቀር።

ሐረጎ ቁልቁለት፦
ስለዚህ ያለ ክፍያ የሚቆም ገበያ የለም። ያልኩትም ይህንኑ ነው።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦
እኛስ ምን አልን? የሸጠ ይክፈል። ገንዘብ ኪሱ የገባ ይክፈል። ሊያይ የመጣው ኪሱ ምን ገባ?

እመት ጀበና፦
«የሸጠ ይክፈል» ማለት ቀላል ነው ልጄ። እኔ ሻጭ ነኝ። ለጠረጴዛ እከፍላለሁ። የእሁዱን የበርም እኔው ነኝ የከፈልኩት። እንዴት አትሉም? የሚመጣው ሰው ሁሉ «በር ላይ 50 ከፍዬ ነው የገባሁ፣ ቀንሺልኝ» ይላል። በ150 የማወጣውን የልጅ ሹራብ በ100 ሰጠሁ። አይቶ ሂያጅ ቀረ ብላችሁ ደስ ይበላችሁ። ገዢውም አብሮ ቀርቷል። እኔ ደግሞ ሊያይ የመጣ ሰው ነው ቡናዬን የሚጠጣልኝ። የሚገዛው ቸኩሎ ነው የሚሄድ።

ሙጋድ ማዶ፦
እመት፣ እርስዎን አክብሬ ነው የምናገረው። ጎንዎ ያሉት ሻጭ ግን «ሰው ቢቀንስም የገባው ሁሉ ገዛ» ብለውናል።

እመት ጀበና፦
እሷ የምትሸጠው ምጣድ ነው! ምጣድ ሊያይ የሚመጣ ማን አለ?

የሪያድ ወሎዬ፦
አሰላሙ አለይኩም ያገሬ ልጆች። ወላሂ ስታስቁኝ አመሻችሁ። እኔ ሰው ቤት ሠርቼ ከማገኛት ላይ ለቅሬው እልካለሁ። ማንም አላስገደደኝም። እናንተ እዚያው ቁጭ ብላችሁ በ50 ብር ትነታረካላችሁ? ስጡና ተገላገሉ።

የጦሳ ጉም፦
አንቺ በሪያል ነው የምታስቢው እህቴ።

የሪያድ ወሎዬ፦
በሪያል የማስበው ሌሊት ተነስቼ ስለማጥብ ነው። አንተ አይተህ ትሄዳለህ፣ እኔ አጥቤ አድራለሁ። የሪያሉን ወሬ ተወው።

የጦሳ ጉም፦
አብሽሪ፣ ለክፋት አላልኩም። ግን አንቺም ራስሽ «ማንም አላስገደደኝም» አልሽ። እኛም የምንጮኸው ለዚችው ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆች፣ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። በ2013 ነሐሴ ከቆቦና ከወልድያ የተፈናቀለው ወገን ደሴ ሲገባ የከተማው ትምህርት ቤቶች ሞልተው ነበር። ሰው እንጀራውን በሞሰብ፣ ብርድ ልብሱን በትከሻው ይዞ ወጣ። በር ላይ የቆመ ገንዘብ ተቀባይ አልነበረም። በኋላ ጥቅምት 2014 ደሴ ራሷ ስትያዝ ሰጪ የነበረው ተቀባይ ሆነ። ያኔ ማን ስንት እንደሰጠ የመዘገበ የለም። ይህን ሕዝብ ነው «ሳጥን ውስጥ አልጨመረም» እያላችሁ የምትከሱት?

ሙጋድ ማዶ፦
መምህር፣ ልክ ብለዋል። ግን ያ የጭንቅ ጊዜ ነው። በጭንቅ ጊዜ ወሎዬ ሳይጠራ ይመጣል። ችግሩ ጭንቁ ሲያልፍ ነው። አልጋ ላይ የቀሩት አሁንም አሉ። ታዲያ ለእነሱ በየወሩ ጦርነት እንጠብቅ?

ደረሰኝ ጠያቂ፦
ሁላችሁም ስለ ልብ ታወራላችሁ። እኔ ስለ ወረቀት ልጠይቅ። እሁድ ስንት ሰው ገባ? ስንት ብር ተሰበሰበ? ለጥበቃ ስንት ወጣ? በሩ ላይ የተሰጠን ማኅተም የሌለው ቁራጭ ወረቀት ነው። በቴሌብር የከፈልነው ደግሞ በግለሰብ ስልክ ነው የገባው። የሲቪል ማኅበራት አዋጅ 1113/2011 ድርጅቶችን አስተዳደራዊ ወጪያችሁ ከ20 በመቶ አይለፍ ይላቸዋል። እናንተ ስንት ናችሁ?

ሙጋድ ማዶ፦
አዋጁን ካነሳህ ሙሉውን አንሳ። እድርና እቁብን አይመለከትም። ቅሬ ደግሞ ያው እድር ነው።

ደረሰኝ ጠያቂ፦
እሱን አውቃለሁ። ሕግ አይዘንም ማለት ግን ሒሳብ አናሳይም ማለት ነው? ለቅሬው አባል ሒሳቡ በየጊዜው ይነበብለታል። ከሆጤም፣ ከገራዶም የመጣው የበር ከፋይ አባል አይደለም። የእሱን 50 ብር ለማን ታነቡለታላችሁ?

ሐረጎ ቁልቁለት፦
ለግድቡ ከደመወዝ ሲቆረጥስ ማን ደረሰኝ ጠየቀ?

ደረሰኝ ጠያቂ፦
የግድቡን ቦንድ ወረቀት አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ግድቡም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ ሄጄ ላየው እችላለሁ። የእናንተን ምኑን ሄጄ ልይ?

ሐረጎ ቁልቁለት፦
አይተህ ልትሄድ?

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦
ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ። የጤና መድን ላሉት ልጠይቅ። የደሃ ደሃ ተብሎ የተመዘገበውን መንግሥት ይሸፍንለት የለም እንዴ?

ሙጋድ ማዶ፦
መዝገቡ ውስጥ ለገባው ነው። ከመዝገቡ ትንሽ ከፍ ያለውስ? ጡረታ የሌላት፣ ልጆቿ ዓረብ አገር የቀሩባት እናት በወረቀት «ራሷን የቻለች» ትባላለች። እኛ የምንከፍለው ለእሷ ነው። ቤቷን ላሳይህ?

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦
እሷ እኮ ናት እሁድ ከበር የተመለሰችው! ለልጅ ልጇ ጫማ ልታይ መጥታ ነበር። እናንተ ያወጣችሁላት ስም ግን አይቶ ሂያጅ ነው።

ሙጋድ ማዶ፦
እሷን ማን መለሳት? ስሟ ዝርዝር ውስጥ አለ፣ በነጻ ትገባ ነበር።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦
በር ላይ ተሰልፎ «ደሃ ነኝ፣ ስሜን ፈልጉልኝ» የሚል ወሎዬ ታውቃለህ? ጦሙን ያድራታል እንጂ አይላትም።

ሸዋበር ሰፈር፦
እኔ ደግሞ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ግዴታ የሆነ ሰደቃ ነውር ነው የምትሉት ለምንድን ነው? ዘካስ ግዴታ አይደለም? ከመቶ 2.5 ነው። እሱን ግፍ የሚል አለ?

ጡረተኛው መምህር፦
የኔ ልጅ፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ። ግን ከሼሆቻችን ጋር ስኖር የሰማሁትን ልናገር። ዘካ ኒሷብ (ዘካ የሚያስወጣውን መጠን) የሞላ ሀብት ላለው ነው፣ ያውም ዓመት ለቆየበት። ደሃው ተቀባይ ነው እንጂ ከፋይ አይደለም። የእኛም አስራት ካገኙት ላይ ነው። ካላገኙት ላይ አይደለም።

ሸዋበር ሰፈር፦
መምህር፣ ፊጥራውን ረሱት። ዘካተል ፊጥር፣ የረመዳን ኢዱ ዘካ፣ በሕፃኑም ስም ይወጣል። ሀብታም መሆን አይጠበቅም። ልክ እንደ በሩ፣ በነፍስ ወከፍ ነው።

የሪያድ ወሎዬ፦
ፊጥራ ከራሱና ከቤተሰቡ የዕለቱ ጉርስ በላይ ለተረፈው ነው። ያልተረፈው የለበትም። ደግሞ ከኢድ ሶላት በፊት ለደሃው ይደርሳል። የእናንተ 50 ብር መቼ ነው የሚደርሰው?

ደረሰኝ ጠያቂ፦
ይህንን ነበር እኔም የጠየቅሁት። አልተመለሰልኝም።

ከለንደን ወዲህ፦
እዚህ እንግሊዝ አገር ሰው የመኪናውን ኋላ ከፍቶ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት የእሁድ ገበያ አለ። ብዙ ቦታ ጎብኚው መግቢያ ይከፍላል። ግን በጠዋት ቀድሞ የሚገባው ነው ከፍ ያለውን የሚከፍል። አርፍዶ የሚመጣው ትንሽ ሳንቲም ነው፣ አንዳንድ ቦታም በነጻ ይገባል። ምክንያቱም በጠዋት የሚመጣው ለቅሞ መልሶ የሚሸጥ አትራፊ ነው።

እመት ጀበና፦
ይኼ ልጅ ወግ አለው! እኛም ጋ በ12 ሰዓት በሩ ላይ የሚቆሙትን እናውቃቸዋለን። ጥሩ ጥሩውን በጆንያ ለቅመው ሰኞ ገበያ ላይ በእጥፍ ይቸረችሩታል። እሱም 50፣ አንድ ጫማ የምትገዛዋም 50። እሱን 500 በሉት እንጂ!

ሙጋድ ማዶ፦
አትራፊ መሆኑን በምን እንለየዋለን? ግንባሩ ላይ አልተጻፈ።

እመት ጀበና፦
በጆንያው!

የጦሳ ጉም፦
አይጠየፍ አዳራሽ ያለበት ከተማ እኮ ነው ይሄ። ንጉሥ ሚካኤል መኳንንቱንም ደሃውንም አንድ አዳራሽ አግብተው ግብር ያበሉበት። እኛ ደግሞ ለሳልባጅ በር ላይ ሰው እንለያለን።

ሐረጎ ቁልቁለት፦
ግብሩ ከየት መጣ? ሰንጋውንና ማሩን ማን አመጣው? ገበሬው ነዋ፣ ያውም በግዴታ። ንጉሡ በር ላይ አላስከፈሉም፣ ጎተራ ድረስ ሄደው ነው የወሰዱት።

የጦሳ ጉም፦
ኮምቦልቻ ሆነህ የደሴን ታሪክ አትንካ።

ሐረጎ ቁልቁለት፦
ኮምቦልቻ ቢያንስ መግቢያ አናስከፍልም። ፋብሪካው በራችን ላይ፣ ኤርፖርቱ በራችን ላይ። እናንተ ለአውሮፕላን ሐረጎን ወርዳችሁ ስትመጡ ማን 50 ብር ጠየቃችሁ?

የጦሳ ጉም፦
ኤርፖርቱን አይቼ ነው የሄድኩት። ሙቀቱ አላስቀመጠኝም።

ሸዋበር ሰፈር፦
እናንተ ደግሞ ጀመራችሁ።

ሙጋድ ማዶ፦
እስቲ አማራጭ አምጡ። ሳጥን አልሠራም። ሻጩ ላይ ልጨምር ስል እመት ጀበና ይቆጣሉ። ዕጣ እናውጣ ስል ሐራም ነው ተባልኩ። ምን ቀረኝ?

ደረሰኝ ጠያቂ፦
የባለፈውን ሒሳብ ግድግዳ ላይ ለጥፍ። ከዚያ ሳጥኑን መልሰህ አስቀምጥና እንይ።

ሙጋድ ማዶ፦
ሌባ ነህ ነው የምትለኝ?

ደረሰኝ ጠያቂ፦
ሒሳብ ለጥፍ ነው ያልኩህ።

ሙጋድ ማዶ፦
እኔ እኮ እሁዴን ሰውቼ፣ ከልጆቼ ተለይቼ፣ ድንኳን ተሸክሜ ነው የዋልኩት። አንድ ቀን ወንበር ያቀበለኝ ከእናንተ ማን አለ? ሁላችሁም የስልክ ላይ ለጋስ ናችሁ። እናንተ ናችሁ አይቶ ሂያጅ!

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦
ይኸው፣ ራሱ ደገማት! ቅድም «ቆርጠህ ለጠፍክ» ብሎኝ ነበር።

እመት ጀበና፦
ልጁን አታስከፉት፣ ድንኳኑን እውነትም እሱ ነው የተሸከመው። አንተም ደግሞ አፍህን ሰብስብ።

ጡረተኛው መምህር፦
የቅሬው ዳኛ ለመጪው እሁድ ጠርተዋል። 3 ሰዓት ላይ ተገናኝተን በአካል እንነጋገር።

እመት ጀበና፦
3 ሰዓት ከቅዳሴ አልወጣም መምህር። ወጥቼም ሰንበቴ አለብኝ።

ሸዋበር ሰፈር፦
ከዙሁር በኋላ ይሁን። 8 ሰዓት።

ሐረጎ ቁልቁለት፦
8 ሰዓት ኳስ አለ።

ሙጋድ ማዶ፦
7 ሰዓት ተኩል። ያረፈደ ይቀጣል፣ ደንቡ ነው።

ደረሰኝ ጠያቂ፦
የቅጣቱም ደረሰኝ ይዘጋጅ።