ክርክር፦ ከዶርቲ ወርድስወርዝ ደብተር ላይ የተሰረዙት መስመሮች መታተም ነበረባቸው?

ማኅደር፦
ለመነሻ ያህል (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። እንግሊዛዊው ገጣሚ ዊልያም ወርድስወርዝ ኦክቶበር 4 ቀን 1802 ዮርክሻየር ውስጥ ሜሪ ሃቺንሰንን አገባ። አብራው የምትኖረው እህቱ ዶርቲ ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም። በዕለት ማስታወሻዋ ላይ ቀለበቱን ሌሊቱን ሙሉ በጣቷ አድርጋ እንዳደረች፣ ጠዋት ለወንድሟ እንደሰጠችው፣ እሱም መልሶ ለአፍታ እንዳጠለቀላት የሚናገሩት መስመሮች በቀለም ድምጥማጣቸው ጠፍቷል። የሰረዛቸው ሰው አይታወቅም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ግን ከስርዙ ሥር ተነብበው ታተሙ። ተገቢ ነበር ትላላችሁ?

ቀለም ቀንድ፦
አልነበረም። ሜይ 14 ቀን 1800 በሚኖሩበት መንደር በግራስሚር ደብተሩን ስትጀምር ምክንያቷን እዚያው አስፍራዋለች፤ ዊልያም ከመንገድ ሲመለስ አንብቦ ደስ እንዲለው ነው። አንባቢዋ አንድ ሰው ነበር። በ1810ም ስለ ሌላ ጽሑፏ ለወዳጇ ለካትሪን ክላርክሰን ስትጽፍ፣ ራስን ደራሲ አድርጎ ማቅረብን እንደምትጠላ በግልጽ ተናግራለች። ያልተሰረዘውን እንኳ ማሳተም ያጠያይቃል፤ የተሰረዘውን መፈልቀቅ ደግሞ የተዘጋ በር መስበር ነው።

ወለላ፦
ወንድሜ፣ ደብተሩ ከመጀመሪያውም የቤቱ የሥራ ዕቃ ነበር። ኤፕሪል 15 ቀን 1802 አልስዋተር ሐይቅ ዳር ያዩትን ዳፎዲል የሚባል ቢጫ አበባ እሷ መዘገበች፤ አንዳንዱ አበባ ድንጋዩን ትራስ አድርጎ ጋደም እንዳለ፣ ሌላው በነፋሱ እየጨፈረ እንደሚስቅ ጽፋለች። የዊልያም ዝነኛ ግጥም ከሁለት ዓመት በኋላ መጣ፤ በ1807 ታተመ። ከዚያ በላይ የሚያስረዳው የማርች 13 ቀን 1802 ገጽ ነው። ስለ አንዲት ለማኝ ሴትዮ ልጆች ሊገጥም ተቀምጦ ሳለ፣ ቀደም ሲል የጻፈችውን አነበበችለት። ከእሷ ቃላት መውጣት አቃተው፤ ግጥሙም ቆመ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ የግል ምሥጢር ብቻ ነው ማለት ሥራዋን መቀማት ነው።

ቀለም ቀንድ፦
እህቴ፣ ሥራዋን ማክበርና ስርዙን መግለጥ ለየቅል ናቸው። ቀለበቱ ለማንም ግጥም ግብአት አልሆነም።

ቁም ጸሐፊ፦
ስለ አነባበቡ ልጨምር፤ ክርክሩ እዚያ ላይ ይወሰናልና። የዘመኑ የተለመደ ቀለም ከባሉጥ ዛፍ እባጭ፣ ከብረት ጨውና ከሙጫ የሚበጠበጥ ነው። የእኛ የብራና ጥቁር ቀለም ከጥላሸት ስለሚሠራ በኢንፍራሬድ ፎቶ እንደጠቆረ ይቀራል፤ የብረቱ ቀለም ግን እዚያው ብርሃን ውስጥ እየሳሳ ይጠፋል። ስለዚህ ጽሑፉም ስርዙም በብረት ቀለም ከሆኑ ሁለቱም አብረው ይደበዝዛሉ፤ አንድ ፎቶ ዋጋ የለውም። የሚረዳው በተለያየ የብርሃን ሞገድ ደጋግሞ ማንሳት ነው፤ በተለያየ ጊዜ የተበጠበጡ ቀለሞች እኩል አይደበዝዙምና። ከጎን በዝቅታ የሚመጣ ብርሃንም የላባ ብዕሩ ወረቀቱን የጫረበትን ያሳያል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ፊደል በግምት የሚሞላበት ቦታ አይጠፋም። በቀለበቱ መስመር የመጨረሻ ቃላት ላይ ያነበቡት ሰዎች ራሳቸው አልተስማሙም። ስለዚህ መታተሙን እደግፋለሁ፤ ግን በቅንፍ፣ አጠራጣሪው ፊደል በነጥብ ተለይቶ፣ የገጹም ፎቶ አጠገቡ ይሁን።

ወለላ፦
እስማማለሁ። አለማተምም እኮ ንጹሕ አይደለም። ናይት የተባለው አዘጋጅ በ1897 ደብተሩን ሲያሳትመው፣ የወንድሟን የዊልያምን ሸሚዝ ጠገንኩ የሚለውን ዓይነት መስመር ሁሉ መመዝገብ አያስፈልግም ብሎ ቆረጠው። አንባቢው ሐይቅና ተራራ ደረሰው፤ የሴትዮዋ የቀን ውሎ ቀረበት። ስትጋግር፣ ስታጥብ፣ ራሷን ሲያማት የሚያሳየው ሁሉ ለእኔ ከአበባው እኩል ነው።

እልፍኝ፦
ስለ ሥዕሏስ ማን ተናገረ? ይህን ደብተር ስትጽፍ ከ28 እስከ 31 ዓመቷ ነበር። አሳታሚዎች ሽፋን ላይ የሚለጥፉት ግን ሳሙኤል ክሮስዌይት በ1833 የሳላትን ነው፤ 61 ዓመቷ፣ በሽተኛ፣ ቆብ የደፋች፣ ውሻዋ አጠገቧ። አንባቢው ቀለበቱን ያደረገችው ይህች አሮጊት ትመስለዋለች። በ1806 ገደማ የተሠራ የጥላ ምስሏ (የፊቷ ጎን በጥቁር ብቻ የታየበት) አለ፤ እሱ ይሻላል። ካልሆነም ሥዕሉ ሥር ዓመቱ ይጻፍ።

ማኅደር፦
የደብዳቤዎቹም ነገር ያው ነው። ዊልያምና ሜሪ በ1810ና በ1812 የተጻጻፏቸው የፍቅር ደብዳቤዎች በ1977 ተገኝተው በ1981 ታተሙ። ባለትዳሮቹ ለእኛ አልጻፉም፤ ነገር ግን ዊልያም ለሚስቱ ቀዝቃዛ ነበር የሚለው ወሬ የተረታው በእነሱ ነው።

ቁም ጸሐፊ፦
በደብዳቤዎች ላይ አንድ ጥንቃቄ። እስከ 1840 ድረስ የፖስታውን ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው ተቀባዩ ነበር፤ የሚተመነውም በወረቀቱ ብዛትና በርቀቱ ነው። ስለዚህ ጸሐፊዎች ኅዳጉን ይሞሉታል፤ አንዳንዴም ወረቀቱን አዙረው በተጻፈው ላይ አግድም ይጽፋሉ። ወረቀቱ ራሱ ታጥፎ በሰም ስለሚታሸግ፣ ሲከፈት ማኅተሙ ሥር ያለው ቃል ተቀድዶ ይሄዳል። ያንን ባዶ ቦታ እንደ ሆን ተብሎ ስርዝ አድርጎ መተርጎም ከባድ ስሕተት ነው።

ቀለም ቀንድ፦
በቅንፉ ከታተመ ተቃውሞዬ ይለዝባል። ግን ያልተሰረዘውን እንመልከት። በዚያው ገጽ፣ ሙሽሮቹ መምጣታቸው እስኪነገራት አልጋ ላይ ተጋድማ ምንም ሳትሰማ፣ ምንም ሳታይ እንደቆየች ይነበባል። ይህን ማንም አልነካውም። ሰዎች ግን ስርዙን ብቻ ይዘው በወንድምና እህት መካከል የሌለ ነገር ይገምታሉ። ርካሽ እትሞች ቅንፉንና ነጥቡን አውጥተው መስመሩን እንደ ደህና ጽሑፍ ሲያስገቡት ደግሞ፣ ያልተስማማንበት ቃል የእሷ ቃል ሆኖ ይጠቀሳል። ለዚህ ምን ትላላችሁ?